ሶሪ፣ ይቅርታ እና እኔን

አባቴ ያረፉ ጊዜ ሜልቦርን ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ዳቦ ቤት ነበር የምሠራው። ለአለቃዬ መርዶ እንደመጣብኝ፣ ሦስት ቀን ለቅሶ እንደምቀመጥ ነገርኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «አይ አም ሶሪ» አለኝ። ግራ ገባኝ። ትምህርት ቤት ሶሪ ማለት ይቅርታ ማለት ነው ተብለን ነው የተማርነው። ሰውዬው ምን አጠፋና ነው? «ያንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ።

ማታ ቤቴ በአገር ልጆች ሞላ። ከከተማው የፉትስክሬይ ሰፈር እናቶች ንፍሮና ቡና ይዘው መጡ። «እግዜር ያጥናህ» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። የአለቃዬ ቃል ግን ሳይገባኝ ቆየ።

የገባኝ ከዓመታት በኋላ የቃሉን ሥር ሳጠና ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር። የወጣውም «ሳር» ከሚል ቃል ነው፤ ሕመም፣ ቁስል ማለት። ዛሬም ጉሮሮው የቆሰለ ሰው «ሶር ስሮት» ነው የሚለው። ሐዘን ማለት የሆነው «ሶሮው» ዘመዱ ይመስላል እንጂ ሥሩ ሌላ ነው። እንግዲህ ያ ሰው ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሕመምህ አመመኝ ነው ያለኝ። ያኔ ባውቅ ኖሮ አመሰግነው ነበር።

የእኛ ይቅርታ በሌላ በር ነው የሚገባው። ሥሩ «ቀረ» ነው። ይቅር ማለት ይተው፣ ከእንግዲህ አይነሳ ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻ የሚያልቅ ቃል አይደለም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፣ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ ነገሩ አላለቀም። ሶሪ የተናጋሪውን ልብ ይናገራል፤ ይቅርታ የሌላውን ደጅ ይጠናል።

ሶሪ ቀላል ቃል የሚመስለው ሰው ግን የአውስትራሊያን ታሪክ ይይ። እዚህ አገር ለብዙ አሥርት ዓመታት መንግሥት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከእናቶቻቸው ጉያ እየነጠቀ ሲወስድ ኖሯል። በ1997 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የወጣ የምርመራ ሪፖርት ጉዱን ዘረገፈው። ሰዉ የጠየቀው አንድ ቃል ነበር። በ1999 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ለፓርላማ ያቀረቡት ውሳኔ ጥልቅ ጸጸት ይላል፤ ሶሪ የሚል ግን የለበትም። በግንቦት 2000 ወደ 250,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሲድኒን ትልቅ ድልድይ በእግሩ ሲሻገር፣ አውሮፕላን ያንኑ ቃል በጭስ ሰማይ ላይ ጻፈው። መንግሥት አፉን የፈታው የካቲት 2008 ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ ፓርላማ ቆመው ደጋግመው «ሶሪ» አሉ። ልጅ ሆነው የተነጠቁ፣ ዛሬ ሽማግሌ የሆኑ ሰዎች አለቀሱ። እኔ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ጸጸትና ሶሪ አንድ አይደሉም።

የነባሮቹ ለቅሶ ራሱ በእንግሊዝኛ «ሶሪ ቢዝነስ» ነው የሚባለው። ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል፣ በብዙ ቦታ የሟች ስም አይጠራም፣ ሥራ ይቆማል። መጀመሪያ ስሰማ የእኛን ድንኳን አየሁ።

አምና አዲስ አበባ ስገባ ሶሪ ታክሲ ውስጥ ጠበቀኝ። እግሬን የረገጠኝ ልጅ ሶሪ አለኝ። የተሳሳተ ቁጥር የደወለችም ሶሪ ብላ ዘጋች። ይሁን፣ ክፋት የለውም። ለጥቃቅኑ ነገር ይበቃል። ያልሰማ ሰው ሜልቦርን «ሶሪ?» ሲል እኛ አሁንም «አቤት?» እንላለን፤ ደስ ይለኛል።

የምሳሳው ለአንዲት ሌላ ቃል ነው፤ ለ«እኔን»። ሰው ሲደናቀፍ፣ ልጅ ሲወድቅ፣ ጣት በቢላ ሲቆረጥ፣ ሳናስበው ከአፋችን የምታመልጠው። የቀረው ዓረፍተ ነገር ይዋጣል፤ እኔን ያድርገኝ፣ እኔን ድፍት ያርገኝ ነው ነገሩ። ላንተ የመጣው ለእኔ ይሁን። የድሮው ሶሪ ሕመምህ አመመኝ ነው የሚለው፤ እኔን ግን ከዚያ አልፋ ሕመሙን ከሰውየው ላይ ልትወስድ እጇን ትዘረጋለች። በሌላ ቋንቋ እስካሁን አቻ አላገኘሁላትም። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አይናገሯትም። እኛም እየረሳናት ነው፤ ባለፈው ባለቤቴ እጇን ስትቃጠል ከአፌ የወጣው ሶሪ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ።

ባለፈው እሁድ እናቴን በቪዲዮ እያወራኋት፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ግቢ ውስጥ ከብስክሌቷ ወደቀች። እናቴ ከደብረ ብርሃን፣ በስልኩ ውስጥ፣ «እኔን! እኔን ልጄ!» ብላ ጮኸች። ልጄ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ስልኩን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«አባዬ፣ አያቴም ወደቀች እንዴ?»