ኮፈኗ ይከፈት፣ ቮልሷ ትተንፍስ!

የጀርመን መሐንዲሶች ያንን ድስት የሚያህል ጥቁር ቆርቆሮ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ለምን እንደጫኑት ለዘመናት ምሥጢር ሆኖ ቆይቶ ነበር። ጅማ ውስጥ ተደረሰበት፤ ቮልሷን ለማፈን ኖሯል! ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያለ ባለቮልስ ይህን ከሰማ ወዲህ ጊዜ አላጠፋም። ጥቁሩን ፊልትሮ፣ ማለትም የአየር ማጣሪያውን፣ ነቅሎ ቆራሌው ጋር ይልካል፣ በቦታው ኮን የሚሏትን ቀይ ሾጣጣ ማጣሪያ ይተክላል፣ የኋላውን ኮፈን በሽቦ ገርበብ አድርጎ አስሮ በከተማው መሐል ያንጎራጉራል። እግዜር ይስጠው። ብሎኑን መልሶ የሚያጠብቅ ሰው በሞላበት አገር የሚፈታ ጀግና ማግኘት ቀላል አይደለም።

በእርግጥ የድሮው ፊልትሮ ነውረኛ ዕቃ ነው። የሚገዛለት ነገር የለውም። ሆዱ ውስጥ ሩብ ሊትር አካባቢ 30 ቁጥር የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ አየሩ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱ ላይ ድንገት ሲታጠፍ አቧራው መታጠፍ አቅቶት እዚያው ሰጥሞ ይቀራል። ያመለጠውን ደግሞ ከላይ በዘይት የራሰው ጥቅጥቅ መረብ ይይዘዋል። ከታች ጭቃ ሲጋገር ሳያጋድሉ ማውረድ፣ ሆዱን በናፍጣ ማጠብ፣ አዲስ ዘይት መሙላት ነው፤ አለቀ። ከምልክቱ ካሳለፉት ሞተሩ ዘይቱን ይጠጣል፣ ካጎደሉት አቧራው ያመልጣል፤ ጣጣው ይኸው ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ ለመለዋወጫ ነጋዴ ምን ይፈይዳል?

የኮኗ አገጣጠም ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሶሌክስ 30 ፒክት የሚባለው ካርቡራተር አፉ ከውጭ ሲለካ 51 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሱቅ የምትገኘው ኮን አንገቷ አብዛኛውን ጊዜ 76 ነው፤ አብረዋት የሚመጡት የጎማ ቀለበቶች ወደ 70 እና ወደ 60 ያወርዷታል። ከ60 እስከ 51 ያለውን ልዩነት የሚሞላው ባለሙያው ነው። ከአሮጌ ከመነዳሪ ላስቲክ ይቆርጥና ሁለት ዙር ይጠቀልላል፣ ማጥበቂያ ቀለበቱንም በካቻቢቴ እስኪያለቅስ ያከርረዋል። ካሊፐር ይዞ መጥቶ ልክ 51 የሚሆን አንገት ያላትን ኮን የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ጨቅጫቃ ነው፤ በደንብ ይታይ። ላስቲኩ አንድ ቦታ ላይ ተጨማዶ የሚተወው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ባይሞላም፣ ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው የአፈር መንገድ ላይ ለሚነሳው ቀይ አፈር ሰፊ በር ነው። አየር ቀላሉን መንገድ ይወዳላ! የማጣሪያው ጥራት ምንም ይሁን ምን በዚያች ቀዳዳ የሚገባውን አያየውም። ጎማውን ወደ ታች አጥብቆ የገፋ ባለሙያ ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ አየር የሚቀንሰውን የቾኩን ክዳን ጭምር ስለሚያስይዘው፣ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ እንደ ጠዋት ቤንዚን ትጠጣለች።

ከድሮው ፊልትሮ ጋር የተያያዙት ሁለት ቱቦዎች ሥራ ፈት ይሆናሉ፤ ይህም ሌላ ትርፍ ነው። አንደኛው ከዘይት መሙያው አንገት የሚመጣው መተንፈሻ ነው፤ ድሮ የሞተሩን ጭጋግ ወደ ፊልትሮው ይመልስ ነበር። አሁን በነፃነት ተንጠልጥሎ ሞተሩ ላይ ይተፋል። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነውና፣ የዘይቱ ጭጋግ ከአቧራው ጋር ተጋብቶ ማራገቢያው እየሳበ ሙቀት የሚያስወጡትን የሲሊንደሮቹን ክንፎች ጥሩ አድርጎ ይለስናቸዋል። ከዚያ ሙቀቱ በየት ይውጣ? ኮፈኑ ተከፍቶ የለ!

(ኮፈኑ ሲከፈት የኋላ ጎማ የሚያስነሳው አቧራም ተጋብዞ ይገባል፤ እንግዳ አይመለስም።)

ሁለተኛው ከሲሊንደሩ አጠገብ ሞቅ ያለ አየር የሚያመጣው ቱቦ ነው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይሰርቃል፤ በእርጥብ ጠዋት ውጭው 10 ዲግሪ ቢሆንም እንኳ ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ጅማ ደግሞ ዝናብ አታጣም። ቮልሷ ሐምሌ ላይ ከቤት ወጥታ ጥቂት እንደሄደች ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ መሥራት) አልይዝ ብላ ትጠፋለች፤ ለጥቂት ደቂቃ ቆማ በረዶው ሲቀልጥ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ካንዴላ ይቀየራል፣ ቤንዚኑ ይታማል፣ ኮይሉ ይጠረጠራል። የተጣለውን ቱቦ የሚያነሳ የለም።

ጉልበቷስ? የ1300ዋ ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ከነዚያ ፈረሶች ስድስት ሰባቱ ቀጭኑን አየር ፈርተው ባሕሩ ዳር ቀርተዋል። ይህ ሞተር በ4,000 ዙር በደቂቃ 2,000 ሊትር አካባቢ አየር ይስባል፤ ያንን ደግሞ ጥቁሩ ፊልትሮ ሳይጨነቅ ያሳልፋል። ማነቆው ከሥሩ ያለችው 24 ሚሊ ሜትር የካርቡራተር ጉሮሮና ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ያ ረጅም ነጠላ ማኒፎልድ ናቸው። ኮን በ76 ብትስብም የሚያልፈው በ24 ነው። ድምፁ ግን፣ ድምፁ! ወደ ጅሬን አቀበት ሲወጡ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አልቀነሰም፤ ድምፅዋ ግን ቀድሟት ይደርሳል።

እጥበቱን ሳናደንቅ ማለፍ ነውር ነው። በዘይት የሚሠራ የጥጥ ኮን ሲቆሽሽ በሳሙና ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ይታጠባል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ በየእጥፋቱ ጫፍ አንድ አንድ መስመር የራሱ ዘይት ይፈስበታል፣ ዘይቱ እስኪሰርግ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ማን ይጠብቃል? ቤንዚን ውስጥ ይነከራል፣ ጎሚስታ ቤት በ8 ባር ኮምፕሬሰር ይነፋል፣ ደረቁን ይመለሳል። ዘይት የሌለው ጥጥ አቧራን የሚይዘው በይሉኝታ ነው። ከስፖንጅ የተሠራችዋ ርካሽ ኮን ደግሞ በቤንዚን ርሳ ሳለ ሞተሩ በካርቡራተር በኩል አንዴ እሳት ቢተፋ ችቦ ትሆናለች፤ የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ደስታ ማደፍረስ ይሆናል።

ምቀኛ ደግሞ አይጠፋም። ኮኗን አውልቆ ነጭ ጨርቅ በጣቱ ጠቅልሎ የካርቡራተሩን ጉሮሮ ይጠርግና ቀይ አፈር አወጣሁ ብሎ ያሳያል። ምን ይጠበስ? አሸዋው ከብረት ይጠነክራልና ሥራውን በጸጥታ ይሠራል፦ የፒስተኑ ፋሻ ይበላል፣ ዘይት ያጥራል፣ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ሲሊንደርና ፒስተን አራት አራት ሆኖ ስለሚሸጥ መምረጥ እንኳ አያስፈልግም። ቀይዋ ኮን ግን ምንም አልሆነችም፤ ነፋ ነፋ ተደርጋ አዲሱ ሞተር ላይ ትገባለች።