ማርሼን አትበይዱብኝ!

ጨጓራዬ ተልጦ ነው የምጽፈው። ረጅም ነው፤ የቸኮለ ይለፈው።

ከተክለ ሃይማኖት እስከ ጨርቆስ ካሉት ቶርኖ ቤቶች (ብረት በማሽን እያሽከረከሩ የሚፍቁባቸው) አንዱ ጋ ግቡና «ይህችን ማርሽ እዚህ ዘንግ ላይ አስይዙልኝ» በሉ። መልሱ አንድ ነው፦ «ይበየዳላ!» ምን ያህል ጉልበት ታስተላልፋለች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነገ መፈታት ይኖርባታል ወይ የሚልም የለም። ጥርሴን አመመኝ ላለው ሁሉ «ይነቀላላ!» እንደሚል ሐኪም።

እኔ የምሠራው ትንሽዬ የቤንዚን ሞተር ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ስትሮክ፣ ቤት ውስጥ። «ምን ያደርግልሃል? የቻይናውን ሙሉ ሞተር ገዝተህ አትገላገልም?» የምትሉኝን ሰምቻለሁ። ሰው እሁዱን ቤቲንግ ቤት ሲያሳልፍ ምን ያደርግልሃል የሚለው የለም፤ እኔ ብረት ስፍቅ ግን ሰፈሩ በሙሉ የኢኮኖሚ አማካሪ ይሆናል። ይለፍ።

አሁን የሚያቃጥለኝ ነገር እንዲገባችሁ፦ ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ውስጥ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንዴ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ ክራንኩ ላይ 20 ጥርስ ካለ ካሙ ላይ 40 ጥርስ ነው። በዚህ ማርሽ አንድ ጥርስ ማሳለፍ ማለት ካሙን 9 ዲግሪ፣ በክራንኩ ሲቆጠር ደግሞ 18 ዲግሪ ማዛነፍ ማለት ነው። አያችሁ? ማርሹ ዘንጉ ላይ ያለቦታው ከተጣበቀ በኋላ «ጥርስ አሳልፈህ አስተካክለዋ» ቢሉኝ የምዘለው 18፣ 18 ዲግሪ እየሆነ ነው። የምፈልገው ቦታ መሀል ላይ ካረፈ አላገኘውም። ስለዚህ ማርሹ መጀመሪያ ዘንጉ ላይ ላላ ብሎ ይዞራል፣ ቫልቩ በትክክል የሚከፈትበት ቦታ ይፈለጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆለፈው። የበየደ ሰው ይህን ዕድል ከመጀመሪያው ዘግቶታል።

ብየዳው ራሱስ? 12 ሚሊ ዘንግ በአንድ ጎኑ ከሞቀ ይጣመማል። የማርሹ ጥርስ በእሳት የጠነከረ ከሆነ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይወስደዋል። ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ደግሞ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ብየዳው ዳር ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የብየዳውን ኔጋቲቭ ገመድ አጉል ቦታ ከቆነጠጡት ደግሞ ከረንቱ በኩሽኔታው በኩል አልፎ ኳሶቹን ይበላል። ወፍጮ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ ፑሌጃው ዘንጉ ላይ ይበየዳል፣ ከኋላው ያለው ኩሽኔታ አንድ ቀን ይሞታል፣ ፑሌጃው ካልወጣ ኩሽኔታው አይወጣም። ከዚያ ግራይንደር ይመጣል፣ ዘንግ ይቆረጣል፣ አዲስ ዘንግ ይፋቃል፣ እሱም ላይ... ይበየዳላ!

አንድ አዛውንት ቶርኖ ሠራተኛ አሉ። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። «ጋሼ፣ ኪይ ይግባልኝ» አልኳቸው። ኪይ በዘንጉና በማርሹ ቦይ መሀል የምትገባ አራት ማዕዘን ብረት ናት፤ ለ12 ሚሊ ዘንግ 4 በ4 ሚሊ፣ ቦዩ ዘንጉ ላይ 2.5 ሚሊ፣ ማርሹ ውስጥ 1.8 ሚሊ ይገባል። የዘንጉን ቦይ ፍሬዛ (በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚልጠው ማሽን) ያወጣዋል። ጣጣው የማርሹ ውስጥ ነው፤ ብሮች የሚባል ባለ ብዙ ጥርስ ረጅም መቁረጫ ይፈልጋል። ብሮች ከሌለ ግን ያው ቶርኖ ይሠራዋል፦ ማርሹን አስሮ፣ እንዳይዞር ቆልፎ፣ መቁረጫውን በጎኑ አጋድሞ፣ በእጅ ወደፊት ወደኋላ እየገፉ ጥቂት ጥቂት መላጥ ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ይሆናል።

«ልጄ፣» አሉኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ለዚች ፍሬ ግማሽ ቀን ቆሜ ልላጥልህ? ሁለት ነጥብ ልምታበትና ሂድ።»

«እከፍላለሁ፣ ጋሼ።»

«ገንዘብህን ለትዳርህ አድርገው።»

ምን ትሏቸዋላችሁ? ስሜ ወጥቶ ያለቀው በዚህ ነው፤ አሁን ገና ከበር ስታይ «ያ የማይበየደው መጣ» ይባላል።

ወጣቶቹ ደግሞ ሁለተኛ መልስ አላቸው፦ በማርሹ ጎን ቀዳዳ በስቶ፣ ፊሌቶ (የቡሎን ጥርስ) አውጥቶ፣ ራስ የሌላት ቡሎን አስገብቶ ማጥበቅ። እሺ፣ ቦታ ለመፈለጊያ ጥሩ ናት፤ ጠበቅ አድርጌ ሞተሩን በእጅ አዙሬ አያለሁ፣ ፈትቼ እንደገና። ለዘለቄታው ግን ካምሻፍት ላይ አትሆንም። ካሙ ቫልቩን ሲገፋ ስፕሪንጉ ይቃወመዋል፣ ቫልቩ ሲዘጋ ደግሞ ያው ስፕሪንግ ካሙን ከኋላ ይገፈትረዋል። ጉልበቱ በየዙሩ አቅጣጫ ይቀያየራል። አንዲት ቡሎን በዚያ ንቅነቃ ስንት ሰዓት ትቆያለች? ለዚያውም ዘንጉ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ በሞረድ ካልወጣላት የምትቆፍረው ጠባሳ ያብጥና ማርሹ በመዶሻም አልወጣ ይላል።

ማጣበቂያውስ? ሎክታይት 638 የሚባለው አይነት ለዚሁ የተሠራ ነው። አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ይደርቃል፤ እስከ ሩብ ሚሊ የሚደርስ ክፍተት ይሞላል፤ ማላቀቅ ሲፈለግ በደንብ ይሞቃል፣ ይለቃል። ይህን ጠይቄ አንድ ሱቅ የሰጠኝ ጫማ የሚያጣብቁበትን ሱፐር ግሉ ነው። «ያው ነው፣ እንዲያውም ይሄ ይበልጣል!» ሌላው ሱቅ ትክክለኛው ነበረው፣ ግን አንድ ገዢ ጠርሙሱን አየና «ጎዶሎ ነው፣ ከፍታችሁ ቀድታችሁለታል» ብሎ ጠብ አነሣ። ወንድሜ፣ ጎዶሎ የሆነው ሆን ተብሎ ነው! ውስጡ አየር ካልተተወለት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ይደርቃል። እኔ ይህን ሳስረዳ ባለሱቁ ተናዶ ሁለታችንንም አስወጣን። ሳልገዛ።

«ብየዳ የሌለው ነገር አይዝም» ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው፦ ለገሃር ሂድና የባቡር ፉርጎ ጎማ እይ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 በፈረንጆች ነው። የፉርጎ ጎማ አክሱሉ ላይ የሚቀመጠው በኃይል ተገፍቶ ወይም በሙቀት ሰፍቶ ነው፤ የያዘው የቀዳዳው መጥበብ ብቻ ነው። ቶን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ይሄዳል! እኔም ይህንን አስቤው ነበር፤ ሒሳቡ ግን ልብ ያደርቃል። የ12 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ማርሽ በ200 ዲግሪ ቢያሞቁት ቀዳዳው የሚሰፋው 0.03 ሚሊ ብቻ ነው። ያንን አስተካክሎ ለመፋቅ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ቶርኖ ቤቶች ደግሞ በተበላ ካሊበር ለክተው «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላሉ። ከያዘ በኋላም ካሙን ማስተካከል የለም።

ስለዚህ የቀረኝ የድሮዎቹ ዘዴ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የማርሹን ቦታ በቡሎኗ ፈልጌ አጠብቃለሁ፣ ሞተሩ በትክክል ሲሠራ ማርሹንና ዘንጉን አንድ ላይ በአግድም እበሳለሁ፣ ቀዳዳውን በሪመር (የተበሳ ቀዳዳን ጥቂት ጥቂት ፍቆ ልኩን በሚያስተካክል መቁረጫ) ሾጠጥ አደርጋለሁ፣ ሾጣጣ ፒን በመዶሻ አስገባለሁ። ሾጣጣነቱ 1 ለ 50 ነው፤ በ50 ሚሊ ርዝመት 1 ሚሊ ብቻ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ገብቶ ይነክሳል፣ በራሱ አይወጣም። ማውጣት ሲያስፈልግ ከቀጭኑ ጎን አንድ ምት ይበቃዋል። መልሰህ ስታስገባው ማርሹ እዚያችው ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ፒኑን አሮጌ ማሽን ከሚፈታበት ከምናለሽ ተራ አገኘሁ። ሪመሩ ግን የለም! መርካቶ የዕቃ ባለቤቶቹ ትራፓኖ ብረት (ተራ መብሻ) ያወጡልኛል። «ጉድጓድ ማስፊያ አይደል የምትፈልገው? ይሄው!» ቀጥ ያለ ነው፣ ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ሾጣጣውን። «እሱን በሞረድ አሹለው።» አንዱማ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንዳለኝ መገመት አያቅታችሁም።

እባካችሁ፣ ከመካከላችሁ የ3 ሚሊ፣ የ1 ለ 50 ሾጣጣ ሪመር ያለው፣ ወይም ከቴክኒክ ትምህርት ቤት መጋዘን ሲወገድ ያየ ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። አልሸጥም ካለ ለአንድ ከሰዓት ያከራየኝ፤ መታወቂያዬን አስይዛለሁ፣ ካስፈለገም ተያዥ አመጣለሁ።