ከዳማ ከሴው ጋር የነበረው እረፍት የት ሄደ?

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ቡናና ሻይ የምታቀርብልን ሴት ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ፣ ራሷን በነጠላ ጠፍራ ገባች። ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ የዳማ ከሴ ቅጠል አወጣች፤ በሁለት መዳፏ መካከል አሽታ አረንጓዴውን ጭማቂ ቡና በተቀዳበት ስኒ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችው፤ የቀረውንም አድበልብላ አፍንጫዋ ውስጥ ወተፈችው። ስኒውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጣ «ምች ነው፣ ይለቀኛል» አለችና ትሪዋን አነሳች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ሦስቱን ፎቅ ስትወጣና ስትወርድ ዋለች።

በቅጠሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔም ያደግሁት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች በነበረ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ሰባት አባወራ በሚጋራው ቧንቧ አጠገብ አንድ የዳማ ከሴ ቁጥቋጦና ከአጥሩ ሥር የበቀለ ጤና አዳም ነበረን። ምች የመታው ሰው ግን ቅጠሉን ጠጥቶ ወደ ሥራው አይሄድም ነበር። በጋቢ ተሸፋፍኖ ይተኛል፣ እስኪያልበው ድረስ በሩ ይዘጋል፣ ፀሐይና ነፋስ እንዳያገኘው ደጅ መውጣት ይከለከላል። የታመመችው እናት ከሆነች ደግሞ ከጎረቤት አንዷ ልጆቿን ታበላለች፣ ሌላዋ ሊጧን ትጋግርላታለች። ዛሬ ላይ ቆሜ ሳስበው ሰውየውን ያዳነው የቅጠሉ ጭማቂ ይሁን የአንድ ቀን ተኩል እንቅልፍ ለይቼ መናገር አልችልም፤ የሚለያቸው ሰውም አልነበረም፣ ሁለቱ አንድ ሕክምና ነበሩና።

በአሁኑ ጊዜ የከተማችን ሴቶች ስለ ጤናቸው ከቀድሞው በተሻለ ግልጽነት ይነጋገራሉ። ለራስሽ ጊዜ ስጪ የሚለው ምክር ከፀጉር ቤት እስከ ዕቁብ ስብሰባ ይሰማል። የሽፈራው ዱቄት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የጦስኝ ሻይ ከመርካቶ ቅመም ተራ አልፈው በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ ወይባ ጢስም በውበት ሳሎኖች በቀጠሮ የሚገባበት አገልግሎት ሆኗል። ይህን ሁሉ እንደ በጎ ነገር ነው የማየው። የማልስማማው በአንድ ነገር ነው፤ ከእናቶቻችን ልማድ መርጠን ያስቀረነው ጊዜ የማይፈጀውን ክፍል ብቻ ነው። ዱቄቱ በሁለት ደቂቃ ይበጠበጣል፣ ዘይቱ በማንኪያ ይዋጣል፣ ሴቲቱም ሥራዋን ትቀጥላለች። የሚያሳርፋት ግን የለም።

የኮሶን ነገር ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አያቶቻችን ኮሶ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡ በነበረበት ዘመን የጠጣበት ቀን የሰውየው የራሱ ቀን ነበር፤ ከቤት አይወጣም፣ እንግዳ አይቀበልም፣ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ካለ ማንም አይቀየመውም። መድኃኒቱ ብርቱ ስለነበረ፣ መጠኑ ሲበዛም ዓይንን እስከመጉዳት ስለሚደርስ ልማዱ ራሱ ጥንቃቄን አበጅቶለት ነበር። እርግጥ ነው፣ ማንም ወደ ኮሶ ይመለስ አልልም፤ ለኮሶ ትል ዛሬ የተሻለና መጠኑ የታወቀ ኪኒን አለ። ነገር ግን ኪኒኑ ሲመጣ ያ ያለ ሐፍረት የሚወሰድ የእረፍት ቀን አብሮ መሄዱን ልብ ያለው ሰው የለም።

ለሴት የቀረላት ብቸኛ የታወቀ እረፍት የአራስ ቤት ነው። በአራስ ቤት ውስጥ ገንፎው፣ አጥሚቱና አብሹ ይቀርባሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ለወንድ ልጅ አርባ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን፣ አራሷ እጇን ውኃ አታስነካም የሚል ደንብ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሲፈቅድ ይህንኑ ልማድ በሕግ ቋንቋ ያጸና ይመስለኛል። እንግዲህ ሴት ልጅ ለሌላ ነፍስ ስትል ከሆነ እንድትተኛ ይፈቀድላታል፤ ለራሷ ነፍስ ስትል ግን ዳማ ከሴ አሽታ ትሪ ታነሳለች። ያው አዋጅ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያስከፍላል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ግን በአዋጁ አትሸፈንም፤ ጉሊት የምትቸረችረውና በስኒ ሒሳብ የምታድረው የእኛዋ ቡና አፍይም አሠሪ የላቸውምና ፈቃድ የሚጠይቁት ማንን ነው? አንድ ቀን ብትተኛ የዚያ ቀን ገቢዋ ባዶ ነው፤ ቅጠሉን የመረጠችው ባህል ስለምትወድ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እኔም ከዚህ ወጥመድ አላመለጥኩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ፣ ጠዋት ስነሳ ጉልበቴን የሚያዝለኝ ድካም ጀመረኝና ለግማሽ ዓመት ያህል የተልባ ውኃ፣ ቀይ ሥር፣ ጥቁር አዝሙድ በማር እያልኩ በየተራ ሞከርኩ። ወደ ክሊኒክ ያልሄድኩት ዋጋው ከብዶኝ አልነበረም፤ ግማሽ ቀን ፈቃድ መጠየቁ እንደ ቅንጦት ስለታየኝ ነው። በመጨረሻ በአንዲት የደም ምርመራ ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሜ ክፍል፣ በዴሲ ሊትር 9.4 ግራም ሆኖ ተገኘ። በባሕር ጠለል ደረጃ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች የሆነ ቁጥር የደም ማነስ ይባላል፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ከፍ ማለት ነበረበት። ሐኪሟ ስለ ወር አበባዬ ብዛት ከጠየቀችኝ በኋላ «ሻይ የሚጠጡት ከምግብ ጋር ነው ወይስ ቆይተው?» አለችኝ። ምሳ እንደበላሁ ወዲያው የምጠጣው ሻይ፣ እንዲሁም ቡናው፣ ሰውነቴ ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ እንደሚከላከል የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። የታዘዘልኝን የብረት ኪኒን ወሰድኩ፣ ሻዩን ከምግብ አራቅሁ። ተልባው ጥፋት የለበትም፤ ለሆድ ድርቀት ከበቂ ውኃ ጋር ዛሬም እጠጣዋለሁ፤ ለደም ማነስ እንዲሆነኝ መጠበቄ ነበር ስሕተቱ።

የባህል መድኃኒትን የሚንቁ ሰዎች ይህን ታሪክ ለክርክራቸው እንዲወስዱብኝ አልፈልግም። በ1964 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ በወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያዩ ኖሮ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ሳይንስ የሚያውቅበት መንገድ ምናልባት በጣም በዘገየ ነበር። ዝንጅብል የነፍሰ ጡርን ማቅለሽለሽ እንደሚያስታግስም ሐኪሞች ይቀበሉታል። ነገር ግን ኃይል ያለው ነገር ሁሉ የሚጎዳበት ጊዜ አለው። በቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ያኮማትራልና ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል፤ አብሽ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት በብዛት የምትወስድ ሴትም ከቀዶ ሕክምና በፊት ይህን ብትናገር ይበጃታል፣ ደም እንዳይረጋ ያደርጋልና። እነዚህን የሚነግር ወረቀት በዱቄቱ ጣሳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም።

ይበልጥ የሚያስቆጣኝ «ማህፀን የሚያጸዳ» እየተባለ በስልክ መስኮት የሚሸጠው ውህድ ነው። ማህፀን ማጽጃ አያስፈልገውም፤ የሴት ብልትም ራሱን የሚያጸዳ አካል ነው፤ በቅጠል ውኃም ሆነ በሌላ ነገር ውስጡን ማጠብ የሚጠብቁትን ተፈጥሯዊ ባክቴሪያዎች አናግቶ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ከወር አበባ ውጭ ወይም ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጡት ላይ የሚዳሰስ እብጠት፣ እነዚህ ለአንድ ሳምንት እንኳ በቅጠል የሚሞከሩ ነገሮች አይደሉም። ለማህፀን በር ካንሰር መንስኤ ለሆነው ቫይረስ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መስጠት ተጀምሯል፤ እናቶቻቸው ደግሞ የቅድመ ካንሰር ምርመራውን በጤና ጣቢያ ያገኙታል። ወረፋው ጊዜ ይወስዳል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጊዜ ላይ ይወድቃል።

ያ የፒያሳው ግቢያችን ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ ሰባቱ አባወራም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። ዳማ ከሴውን ከገበያ እገዛዋለሁ፣ በረንዳዬ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ጤና አዳም ተክያለሁ፤ ሊጥ የምትጋግርልኝ ጎረቤት ግን በእስር የምትሸጥ አይደለችም። ስለዚህ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ እኛ የቢሮው ሴቶች ያደረግነው፣ ምንም እንኳ ማክሰኞን ዝም ብለን አሳልፈን ለረቡዕ ማቆየታችን ቢያሳፍረኝም፣ ትንሽ ነገር ነበር። ረቡዕ ጠዋት ይብሱን ተጎሳቁላ ስትመጣ ትሪውን ቀማናትና «እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ትተኛለሽ» አልናት። «ቡናውን ማን ሊያፈላው ነው እህቴ?» ብላ ተከራከረች። ሁለት ሁለት ሆነን በተራ አፈላን፤ ገንዘቡን በስኒው ልክ እየቆጠርን በቆርቆሮዋ አስቀመጥንላት። አርብ ዕለት ደህና ሆና ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ቆርቆሮውን አልነበረም፤ ጀበናውን አንስታ ውስጡን አሸተተችና ማን እንዳሳረረው ስም ጥሩልኝ ብላ ተቆጣችን።