አራት አለቃ፣ አንዲት አስተናጋጅ

ካፌ ለመክፈት ቤት፣ ማሽንና ንግድ ፈቃድ ይበቃል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይበቃም። ራዕይ ያስፈልጋል። ያውም ተጽፎ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ከሒሳብ መቀበያው በላይ የተሰቀለ ራዕይ።

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ካፌ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም። ባለቤቶቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ቢምረኝ ሦስቱ አይምሩኝም። ግድግዳው ላይ «ራዕይ፦ በ2022 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ ካፌ ሆኖ መገኘት» ይላል። ከሥሩ ተልዕኮው አለ። ከዚያ እሴቶቹ ይከተላሉ። እሴቶቹ ሰባት ናቸው። የማኪያቶ ብርጭቆዎቹ ስድስት።

አራቱ ሸሪኮች አብሮ አደጎች ናቸው። ብር ሲያዋጡ እኩል አዋጡ፣ ቤት ሲከራዩ አብረው ፈረሙ፤ ፍቅር ነበር። ነገር የመጣው ቢዝነስ ካርድ ሲታተም ነው። አንዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ሁለተኛው «እኔስ?» ሲል የቦርድ ሰብሳቢ ተባለ። ሦስተኛው የኦፕሬሽን ዳይሬክተርነት ደረሰው። አራተኛው ፊቱን ሲያጠቁርባቸው ጊዜ ፕሬዚዳንት አደረጉት። ከዚያ የሚመሩት ሰው ሲያስፈልጋቸው አንዲት አስተናጋጅ ቀጠሩ። ማሽኑንም የምትይዘው፣ ወለሉንም የምትወለውለው፣ ሒሳብም የምትቀበለው እሷው ናት።

ለነገሩ ይኼ በከተማችን አዲስ አይደለም። ፋሲል ግቢ ገብታችሁ እዩ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ አድርገው ግንባቸውን አቆሙ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ሲነግሡ የራሳቸውን አሠሩ። ታላቁ ኢያሱ ተከተሉ፣ እሳቸውም የራሳቸውን። ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ... ሁሉም በ900 ሜትር አጥር ውስጥ ጎን ለጎን። ለጎብኚ ግሩም ነው፣ ዩኔስኮም መዝግቦታል። እኔን የሚገርመኝ ግን «የአባቴ ቤት ይበቃኛል፣ ጣሪያውን ብቻ ላድስ» የሚል ሰው ሐሳብ እዚያ ግቢ ውስጥ አለመታየቱ ነው። ዛሬም ቢሆን አዲስ ኃላፊ የገባበትን መሥሪያ ቤት ተመልከቱ። መጀመሪያ መጋረጃው ይቀየራል። ቀጥሎ ወንበሩ። ሥራው ተራ ደርሶት አያውቅም።

ከነገሥታቱ ሁሉ አንጀቴን የሚበሉት ግን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። በዘመነ መሳፍንት፣ ከ1771 እስከ 1792 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ነገሡ። ስድስት ጊዜ! መሳፍንቱ ሲስማሙ ያወጧቸዋል፣ ሲጣሉ ያወርዷቸዋል። በመጨረሻ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል ተረፋቸው። የኛ ካፌ ዋና ሥራ አስኪያጅም ዕድሉ እንደሳቸው ነው። ሦስቱ ሸሪኮች በዋጋ ጭማሪ ከተጨቃጨቁ ይሻራል። ሽማግሌ ከገባ ይመለሳል። «ሹመት ያዳብር» ማለት ስለሰለቸኝ አሁን ስገባ መጀመሪያ ካርዱን አይና ነው ሰላም የምለው።

ሥልጣኑ ቢወጣም ቢወርድም ከእጁ የማይለቀው አንድ ነገር አለ፤ የቁልፍ እስሩ። የስኳሩ ቁምሳጥን፣ የመሳቢያው፣ የዕቃ ቤቱ፣ የሽንት ቤቱ ሳይቀር እዚያ ላይ ነው። ሲራመድ ይንቃጨላል። ድሮ ኃላፊ ሲመጣ መለከት ይነፋ ነበር ይባላል፤ ለኛ ሰውዬ ቁልፉ ይበቃዋል።

አንድ ሰሞን ካይዘን የሚያስተምር አሠልጣኝ አመጡ። ጥሩ አሠልጣኝ ነበር። ነገሩ ከጃፓን የመጣ መሆኑን፣ ዋናው ሐሳብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማሻሻል መሆኑን፣ ማሻሻያውን ደግሞ አብልጦ የሚያውቀው ሥራው ላይ የቆመው ሰው መሆኑን አስረዳቸው። አራቱም ማስታወሻ ያዙ። በማግስቱ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተሰቀለ። አስተናጋጇ ብጣሽ ወረቀት ላይ «የስኳሩ ቁልፍ ሁለተኛ ቢቀረጽለት» ብላ ጽፋ ከተተች። ወር አለፈ፣ መልስ የለም። የሳጥኑ ቁልፍ የት እንዳለ መቼም ገምታችኋል።

ከዚያ ከተራ ደረሰ። ጥር 10 ታቦታቱ ከየደብራቸው ተነሥተው ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ጎንደር ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ካፌ ያለው ሰው በሌላው ወር ያልሸጠውን የሚሸጠው ያን ሰሞን ነው። አራቱ ሸሪኮች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ባጅ አንጠልጥለው በር ላይ ተደረደሩ። የገባውን እንግዳ ሁሉ አራት ሰው ይጨብጠዋል። ሲቀመጥ የምትታዘዘው ግን አንዲት ሴት ናት። ገሃድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ወተት አልጠየቀም። ሻይና ቡና ነው የሚጠጣው፤ ሁለቱም ስኳር ይፈልጋሉ። ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ሲያልፍ ዋና ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ተከተለ። የቁልፉ እስርም አብሮ ተከተለ።

ቢደውሉ፣ ቢደውሉ! በዚያ ሁሉ እልልታና ከበሮ መሃል ስልክ ማን ይሰማል? የቦርድ ሰብሳቢው «አስቸኳይ ስብሰባ እንጥራ» አለ። ፕሬዚዳንቱ እንግዶቹን «ያለ ስኳር ለጤና ጥሩ ነው» እያለ ያረጋጋል። አስተናጋጇ ማንንም ሳትጠይቅ ከሽርጧ ኪስ የዕለቱን ቲፕ አወጣች፣ ጎን ካለው ሱቅ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዛች፣ በሰሃን እየገለበጠች አደለችው። አንድ እንግዳ እንኳ ተነሥቶ አልሄደም።

ከበዓሉ በኋላ ስብሰባ ተደረገ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ «ያለ ፈቃድ ግዢ ስለመፈጸም»። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ማኅተም ያረፈበት። የስኳሩን ብር ደግሞ ደረሰኝ ስላላቀረበች አንተካም አሏት።

እነዚሁ ሰዎች እኮ አንድ ላይ እቁብ ይጥላሉ! እዚያ ዳኛው አንድ ነው፣ ጸሐፊው አንድ ነው። እጣ የሚወጣበት ቀን ዝናብ አይል፣ ለቅሶ አይል፣ ሁሉም በሰዓቱ ይገኛል። ያረፈደ ይቀጣል፤ የተቀጣም ሳያጉረመርም ይከፍላል። ራዕይ ተሰቅሎ አላየሁም። ግን እያንዳንዱ አባል ያዋጣው ብር ለማን እንደሚደርስና የራሱም ተራ መምጣቱ እንደማይቀር ያውቃል። ስለ ጋራ ዓላማ የሚወራውን ሁሉ ሰምቼ እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው። ካፌው ውስጥ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ ቢሆኑ ለአስተናጋጇ ምን እንደሚደርሳት ግድግዳው አይናገርም። ጠይቄያታለሁ። «ብርጭቆ ይበዛል፣ እጥበት ይበዛል» አለችኝ።

በቅርቡ ፕሬዚዳንቱ ለብቻዬ ልወጣ ነው ብሎኛል። ሕጉም ይፈቅድለታል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር። የ2013ቱ አንድ ሰውም ይበቃል አለ። አርቃቂዎቹ ፒያሳችን ላይ ቡና ሳይጠጡ አልቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ። «ታዲያ ብቻህን ከሆንክ ምን አስጨነቀህ?» ስለው «ምክትሌን ማን ላድርግ?» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አስተናጋጇ ደመወዝ ይጨመርልኝ አላለችም። ከትርፉ ድርሻ ይሰጠኝ አለች። አራቱም ደነገጡ። ለስብሰባ ይቅረብ ተባለ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ያን ሰሞን ተሽሮ ስለነበር ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። እሷም ሽርጧን አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ አራቱም ማሽኑን ከበው ቆመዋል። እንዴት እንደሚበራ የሚያውቅ የለም። እሷ ላይ ይደወል በሚለው ተስማሙ። ማን ይደውል በሚለው ግን አልተስማሙም። ሰብሳቢው ይኼ የሥራ አስኪያጅ ሥራ ነው አለ። ሥራ አስኪያጁ ተሽሬያለሁ አለ። ዳይሬክተሩ በደብዳቤ ትጠራ አለ። ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤው ላይ ቀድሞ ማን እንደሚፈርም ጠየቀ። እኔ ተነሥቼ ስወጣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው እየመረጡ ነበር።