በሩ ተጠብቆ ባለቤቱ ሲወጣ

በማዕከላዊ ሜክሲኮ፣ በጓናኽዋቶ ግዛት ያለችው ሳን ሚጌል ደ አዬንዴ በበሮቿ ስሟ የወጣ ከተማ ናት። ቱሪስቱ ቀይና ቢጫ ግድግዳ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል። እኔ ግን ከውበታቸው በላይ የቤተሰብ ታሪካቸው ይገርመኛል።

ብዙዎቹ የድሮ መዝጊያዎች ከሜስኪት ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ጠንካራ እንጨት ነው። ትልቁ በር ሠረገላና የተጫነ በቅሎ ያስገባል። እዚያው ላይ ለሰው ብቻ የምትበቃ ትንሽ በር ተቆርጣለች። ማንኳኪያው አንዳንዴ ኳስ የጨበጠ የሴት እጅ ነው። ሲገቡ «ሳጓን» የሚሉት ጥላ መተላለፊያ ይቀበላል፤ ግቢው፣ ዛፉና ውኃው ከዚያ በኋላ ነው። ከመንገድ የሚታየው ግድግዳና በር ብቻ ነው። ስለዚህ በብር ማዕድን ንግድ ዘመን የበለጸጉ ቤተሰቦች ክብራቸውን ያሳዩት ደጃፋቸው ላይ ነበር። የነጻነት ታጋዩ ኢግናሲዮ አዬንዴ እ.ኤ.አ. በ1769 የተወለደበት ቤት ፊት ለፊቱ ላይ በላቲን «እዚህ ተወለደ፣ በሁሉም ቦታ ታወቀ» የሚል ጽሑፍ አለው።

ደጃፍ ወሬም ይነግራል። ቤቱ ሐዘን ከገባው በር ላይ ጥቁር ሪባን ይታሰራል። በሆሳዕና የተባረከው የተጎነጎነ ዘንባባም እዚያው ይሰቀላል።

ከሁሉም የምወደው ግን ከሆሳዕና በፊት ያለው ዓርብ ነው። የእመቤታችን ሐዘን የሚታሰብበት ቀን ነው። ቤተሰቦች በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው በመስኮትና በሳጓኑ ውስጥ መሠዊያ ያዘጋጃሉ። ሐምራዊ ጨርቅ ያለብሱታል። ኮምጣጣ ብርቱካን ላይ ወርቃማ ባንዲራ ይሰካሉ። ለጋ የስንዴ ቡቃያ ይደረድራሉ፣ ወለሉ ላይ ካሞሚል ይበትናሉ። መንገደኛው «ድንግል አለቀሰች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ይሉትና የፍራፍሬ ውኃ ወይም አይስክሬም ያቀምሱታል፤ የእንባዋ ምሳሌ ነው። ማንም አያውቅህም፣ ግን ትስተናገዳለህ።

ይህን የሚያደርገው በሩ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን የቀድሞ ወታደሮች መንግሥታቸው እየከፈለላቸው ሥነ ጥበብ ሊማሩ መጡ። ከተማዋን ወደዷት፣ ሌሎችም ተከተሉ። በሌላ ቦታ ቢሆን ይፈርስ የነበረ ስንት ቤት እዚህ በእነሱ ገንዘብ ታደሰ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የቤቱ ዋጋ ግን ጣራ ነካ። ልጆች የወላጆቻቸውን ቤት እየሸጡ ወደ ከተማው ዳርቻ ወጡ። ብዙው ቤት ዛሬ ለእንግዳ በቀን የሚከራይ ነው።

ሕጉ ግድግዳው ምን ቀለም እንደሚቀባ ይቆጣጠራል። ማን እንደሚኖርበት ግን አይጠይቅም። መጠየቅ አለበት እላለሁ። በመሃል ከተማ በቀን የሚከራዩ ቤቶች ቁጥር ይገደብ። ከእነሱ የሚሰበሰበው ግብርም እዚያው ተወልደው ያደጉ ቤተሰቦች ቤታቸውን ሳይሸጡ እንዲያድሱበት ይዋል።