ለአዲስ መጤ ባልና ሚስት አብሮ መውጣት ቅንጦት አይደለም

ወደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ አዲስ ለሚመጡ ባልና ሚስት ነባሩ ሰው የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜም አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ሥሩ፣ መዝናናቱ ይደርሳል» ይላቸዋል። ምክሩ ከክፋት የሚመነጭ አይደለም። የቤት ኪራዩ ቀን አይጠብቅም፣ ለጉዞው የተበደሩት ገንዘብ ገና አልተከፈለም፣ አገር ቤት ያለውም ቤተሰብ ዓይኑን እነሱ ላይ ጥሏል። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁበት ዓመት እንዲሁ ተመክሬአለሁ፤ ከእኔ በኋላ ለመጡ ዘመዶቼም ሳላስብበት ይህንኑ ደግሜ መክሬአለሁ። ዛሬ ግን ይህ ምክር ብዙ ትዳር እንደጎዳ አምናለሁ። ባልና ሚስት ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያ ባይሆን ግማሽ ቀን፣ ሁለቱ ብቻ አብረው ከቤት መውጣት አለባቸው እላለሁ፤ ይህንንም ከኪራይና ከምግብ እኩል አስፈላጊ ነገር አድርጌ ነው የማየው።

በመጀመሪያ አመጣጣችንን እንመልከት። የዲቪ ሎተሪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ተደንግጎ ከ1995 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ከእኛ አገርም በርካታ ሰው በዚሁ መንገድ መጥቷል። አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ተመልሶ አገር ቤት ያገባል፣ ከዚያ የወረቀቱ ሂደት እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም በስልክ ብቻ ተጋብተው ይኖራሉ። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ባለቤቴ የመጣችው ከሠርጋችን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በአንድ ጣራ ሥር የኖርነው አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ስደቱና የትዳሩ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ላይ ነው የሚጀምሩት።

አገር ቤት ትዳርን የሚሸከሙት ባልና ሚስቱ ብቻ አይደሉም። ቡና ጠጡ የምትል ጎረቤት አለች፤ ቅዳሜ የሚጠይቁት አክስት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያገኙት ጓደኛ፣ ቅሬታ ሲፈጠር ሳይጠሩት ገብቶ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አለ። «እስቲ ዛሬ እንውጣ» ብሎ ቀጠሮ መያዝ የማያስፈልገው ኑሮው ራሱ ደጅ የሚውል በመሆኑ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ባለ አፓርትመንት ውስጥ ግን በሩ ከተዘጋ የሚያንኳኳው ፖስተኛው ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰው ይሠራ የነበረውን ሥራ በሌላ ነገር ካልተኩት፣ ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩት ስለሚከፈል ቢልና ስለ ሥራ ሺፍት ብቻ ይሆናል።

የእኛን ልናገር። እኔ ሌሊት በአንድ የመኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ሥራ ትገባለች። መኪናችን አንድ ነበረች። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አፓርትመንቱ ደጃፍ እደርሳለሁ፣ እሷ ካፖርቷን ደርባ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ብርዱ እንዳይገባ ሞተሩን ሳላጠፋ እወርድና እሷ ትገባለች። ቁመቷ ከእኔ ስለሚያንስ መቀመጫውን ወደፊት ትስበዋለች። ማታ እኔ ስነሣ መልሼ ወደኋላ እገፋዋለሁ። ያን ክረምት ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው መቀመጫ ነው። ሌላው ንግግራችን ማቀዝቀዣው ላይ በምንለጥፈው ወረቀት የሚያልቅ ነበር፤ «ሽሮው ታች ነው»፣ «የመብራት ከፍያለሁ»፣ «እናትህ ደውለዋል»። አልተጣላንም። ለመጣላትም ጊዜ አልነበረንም። ከአምስት ወር በኋላ ግን አንድ ጠዋት መኪናው ውስጥ እያለች መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «እኔ የመጣሁት ላንተ ነበር እንጂ ለመኪናው አልነበረም» አለችኝና ሄደች። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሚቀጥለው እሁድ የሚሠራልኝ ሰው ለምኜ ቀረሁ። ወቅቱ የቼሪ ዛፎቹ የሚያብቡበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የቶኪዮ ከንቲባ ለዋሽንግተን ከተማ በስጦታ የላኳቸው ከ3,000 የሚበልጡ ችግኞች ናቸው የዚህ ሁሉ መነሻ። መኪናዋን አቁመን በባቡር ለመሄድ ወሰንን። ጣቢያው ላይ እንደ ልማዴ ካርዱን ልገዛላት ወደ ማሽኑ ስጠጋ «ቆይ፣ እኔ ልሞክር» አለች። አንዱን የዶላር ኖት ማሽኑ ሁለት ጊዜ መለሰባት፣ በሦስተኛው በመዳፏ አስተካክላ አስገባችው፣ ካርዱም ወጣ። ከቀዩ መስመር ሜትሮ ሴንተር ላይ ወርደን ወደ ስሚዝሶኒያን የሚወስደውን ባቡር ያገኘችው እሷ ነች፤ ካርታውን አንብባ «በዚህ በኩል ነው» እያለች ከፊቴ ትሄድ ነበር። ዛፎቹ ያሉበት ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ከቤት በፔርሙዝ የያዝነውን ቡና ጠጣን። እኔ አጠገቧ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ እሷም አልቀሰቀሰችኝም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኖኛል። ባልና ሚስት በተለያየ ጊዜ ሲመጡ ቀድሞ የመጣው ሳያውቀው የኋለኛው ሞግዚት ይሆናል። ባንኩን፣ ሐኪሙን፣ ከፖስታ ሳጥን የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ እሱ ያውቃል፤ አገር ቤት ቢሮ ስታስተዳድር የነበረች ሴት ወይም ክፍል ሙሉ ተማሪ ሲያስተምር የነበረ ሰው እዚህ ሲደርስ እጁን ተይዞ የሚሄድ ልጅ ይሆናል። ይህ በቤት ውስጥ በንግግር አይስተካከልም። የሚስተካከለው ለሁለቱም አዲስ በሆነ ቦታ፣ ሁለቱም እኩል መንገድ ሲጠይቁ ነው። ሌላ ጊዜ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄደን የሰው ዘር አመጣጥ በሚታይበት አዳራሽ ስናልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስለተገኘችው ድንቅነሽ ባለቤቴ አጠገባችን ለቆመች አንዲት እናት በራሷ እንግሊዝኛ ስታስረዳ ሰማኋት። ቤት ስልክ ሲጮህ «አንተ አንሣው» የምትል ሴት ነበረች።

«እኛ እኮ እንወጣለን፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር አይቀርብንም» የሚሉኝ አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚያኖሩን ነገሮች ናቸው፤ አንዳቸውም እንዲቀሩ አልፈልግም። ነገር ግን እዚያ ወንዱ ከወንዶች ጋር ይቀመጣል፣ ሴቷ ከሴቶች ጋር ወጥ ቤት ትገባለች፣ ከዚያም ደክሟቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ለሰው ወጡ እንጂ እርስ በርሳቸው አልተገናኙም።

ገንዘቡስ? ዋሽንግተን ውስጥ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው በነጻ ነው፤ የስላይጎ ወንዝ ዳር የእግር መንገድም አያስከፍልም፤ ምሳ ከቤት ይያዛል። እውነተኛው ዋጋ የቀረው ሺፍት ነው። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠሩበት አንድ ተኩል እጥፍ ሲከፈል፣ አዲስ ለመጣ ሰው ደብል (ሁለት ሺፍት በተከታታይ) አልገባም ማለት ቀላል አይደለም፤ እኔም ያንን ገንዘብ ስተው እጄ ተንቀጥቅጧል። የብድሩ መመለሻም አራት ወር ተራዝሞብናል። ሆኖም አበዳሪዬ ታገሠኝ።

ስለዚህ ነባሮቹን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አዲስ መጤ ስንቀበል የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እናወጣለን፣ ሥራ እናፈላልጋለን፣ መኪና መንዳት እናለማምዳለን፤ ኦፋችሁ (የዕረፍት ቀናችሁ) በአንድ ቀን ይዋል ብለን ግን አንነግራቸውም። ቀጣሪን ይህን መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ መጠየቅ ያለበትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አንዴ ፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ ለማስለወጥ ይከብዳል። ልጅ ላላቸው ደግሞ እሁድ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ያህል ልጁን መያዝ ከብዙ የቤት ዕቃ ስጦታ ይበልጣል።

የእህቴ ልጅ ከባሏ ጋር ልትኖር በሚቀጥለው ወር ትገባለች። እሱ እዚህ ሦስት ዓመት ቆይቷል፣ እሷ ግን ገና ናት። ሥራ ሊያስገባት ቃል ለገባልኝ ወዳጄ መጀመሪያ ያቀረብኩለት ጥያቄ ስለ ደመወዙ አልነበረም፤ የባሏ ኦፍ ማክሰኞ ስለሆነ የእሷም ማክሰኞ እንዲሆን ነው የለመንኩት። ባለቤቴ በበኩሏ አንድ የሜትሮ ካርድ ገዝታ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣላታለች። ገንዘብ አልሞላችበትም፤ እሱን ልጅቷ ራሷ ማሽኑ ጋ ቆማ ትሙላው ብላለች።