ገንዳው አለ፣ ከተማዋ የለችም

የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር። ከእህቶቼ ጋር ከለንደን ወጣ ብለን፣ እንግሊዝ ውስጥ ሰመርሴት ባለችው ትንሿ ዌልስ ከተማ (አገሩ ዌልስ አይደለም)፣ ሆት ተብ፣ ማለትም የሞቀ ውሃ ገንዳ፣ ያለው ኮቴጅ (ትንሽ የእረፍት ቤት) መከራየት። ኧረ ተቃጠልኩ!

ማስታወቂያው "ዌልስ" ይላል። ካርታውን ስከፍተው ቤቱ ሜንዲፕ ኮረብታ ላይ፣ እርሻ መሃል ቁጭ ብሏል። መኪና የለንም። በባቡር እንዳንል የከተማዋ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለመንገደኞች ተዘግቷል። ከብሪስቶል አውቶቡስ መጠበቅ ነው። እኛ እኮ የምንሄደው እ.ኤ.አ. በ1390 አካባቢ የተሠራውን የከተማዋን ካቴድራል (ትልቅ ቤተ ክርስቲያን) ሰዓት ለማየት፣ ማታ ማታ ቪካርስ ክሎዝ በሚባለው መንገድ ጥንታዊ ቤቶች መሃል ለመንሸራሸር ነው። ከእርሻ መሃል ምን ይታያል?

ካቴድራሉ አጠገብ ያሉት ቤቶች ያረጁና የተጠጋጉ ናቸው፤ ለገንዳ የሚሆን ግቢ የላቸውም። ይሄ ይገባኛል።

የማይገባኝ ዋጋው ነው። መጀመሪያ የሚያጓጓ ዋጋ ያሳዩሻል። ልትከፍዪ ስትዪ የጽዳት፣ የአገልግሎት፣ ጭራሽ የገንዳው ማሞቂያ ለብቻው ይጨመራል። ገንዳውን ብዬ አይደል እንዴ የመጣሁት! ይባስ ብሎ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ገንዳ መግባት ክልክል ነው። እሱም የተጻፈው ታች፣ በደቃቅ ፊደል።

እባካችሁ አከራዮች፣ ሙሉ ዋጋውንና ትክክለኛውን ርቀት ከላይ ጻፉልን።